ሕግ ከ“ምዕራቡ ሥልጣኔ” ጋር፦ የአውስትራሊያው ጥምር ዲግሪ ምንድን ነው? ለማንስ ይሆናል?

አውስትራሊያ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ሕግ የሚገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ብቻውን አይማርም። ሌላ አንድ ዲግሪ አብሮ ይይዛል፤ ሕግና ንግድ፣ ሕግና ሳይንስ፣ ሕግና ሥነ ጽሑፍ። ደብል ዲግሪ የሚሉት ይሄን ነው። አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ዲግሪ ይዘው ይወጣሉ።

ከነዚህ ጥምሮች መካከል ብዙ ያጨቃጨቀው አንዱ ነው፦ ሕግ ከምዕራቡ ዓለም ሥልጣኔ ጋር። ፍልስፍናውን፣ ሥነ ጽሑፉን፣ ታሪኩንና ኪነ ጥበቡን በአንድ ላይ የሚያስተምር የሂዩማኒቲስ ዲግሪ ማለት ነው። ከጀርባው ደግሞ ወፍራም ስኮላርሺፕ አለ። ፕሮግራሙ በ2020 ሲጀመር (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለአንድ ተማሪ በዓመት 30 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ። ቁጥሩን ያየ ሰው ልቡ መነሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት፣ ወይም ለአመልካች ነኝ ባይ ብር ከመክፈላችሁ በፊት፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ፖል ራምሴይ የሚባል አውስትራሊያዊ ባለሀብት ነበር። በግል ሆስፒታሎች የከበረ ሰው ነው። በ2014 ሲሞት ሀብቱን ለበጎ አድራጎት ተናዞ ሄደ። ከዚያ ሀብት ላይ በ2017 የራምሴይ የምዕራባዊ ሥልጣኔ ማዕከል ተቋቋመ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ሆኑ። ማዕከሉ ዩኒቨርሲቲዎችን “ፕሮግራሙን ክፈቱ፣ ወጪውን እኛ እንችላለን” ብሎ ጠየቀ።

ነፃ ብር ማን ይጠላል ትሉ ይሆናል። ግን ተጠላ። ካንቤራ የሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ድርድሩን በሰኔ 2018 አቋረጠ። ምክንያቱ የአካዳሚክ ነፃነት ነበር፤ ለጋሹ በትምህርቱ ይዘትና አሰጣጥ ላይ ሊኖረው የፈለገው እጅ በዛብን አሉ። እሳቱን ያባባሰው ደግሞ ሌላው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትርና የቦርድ አባል ቶኒ አቦት በዚያው ዓመት የጻፉት ጽሑፍ ነው። ማዕከሉ ስለ ምዕራቡ ሥልጣኔ የሚያጠና ብቻ ሳይሆን ለእሱ የሚቆም ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ተቃዋሚዎች “አላልናችሁም?” አሉ።

በኋላ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች እሺ አሉ፦ ዎሎንጎንግ፣ ኩዊንስላንድ እና የአውስትራሊያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ ስምምነት ነው የፈረሙት። ዎሎንጎንግ ላይ የመምህራን ማኅበሩ የአጸዳደቁን ሂደት ተቃውሞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤትም በራሱ ሥልጣን አጸደቀው።

ክፍል ውስጥ ምን አለ?

ጭቅጭቁን ትተን ትምህርቱ ራሱ ቀላል አይደለም። መሠረቱ ማንበብ ነው። ከሆሜርና ከፕላቶ ተነስቶ በዳንቴና በሼክስፒር አድርጎ ወደ ዘመናዊው ዓለም ይመጣል። ማጠቃለያ ሳይሆን መጽሐፉ ራሱ ነው የሚነበበው። መቶ ሰው የሚቀመጥበት አዳራሽ ሳይሆን ጥቂት ተማሪዎች ከመምህር ጋር ክብ ሠርተው የሚከራከሩበት ክፍል ነው። ሳያነቡ ገብቶ ከኋላ መደበቅ የለም።

የሕጉ በኩል ግን የምዕራብ ሥልጣኔ ተማረ ተብሎ አይቀነስለትም። አውስትራሊያ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን የግድ መጠናቀቅ ያለባቸው 11 የትምህርት ዘርፎች አሉ፤ “ፕሪስትሊ 11” ይሏቸዋል። ወንጀል፣ ውል፣ ንብረት፣ ሕገ መንግሥት፣ ማስረጃ፣ የሙያ ሥነ ምግባር ወዘተ። ከዚያ በኋላ የተግባር ሥልጠና አለ፤ ከሥልጠናው በኋላ ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጠበቆች መዝገብ ላይ የሚያሰፍራችሁ። እዚህ ጋር ልብ በሉ፦ ጠበቃ የሚያደርጋችሁ የሕጉ ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ዲግሪ ንግድ ቢሆን፣ ፕላቶ ቢሆን፣ መዝገቡ ላይ ለመስፈር ለውጥ አያመጣም።

ታዲያ ሁለተኛው ምን ይሠራል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰኔ 3 ቀን 1992 የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት “ማቦ” በሚባለው መዝገብ 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ኤዲ ማቦ የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነው፤ የአባቶቻችን መሬት የእኛ ነው ብሎ ዓመታት ተሟገተ፣ ውሳኔው ሊሰጥ ወራት ሲቀሩት አረፈ። ፍርድ ቤቱ እንግሊዞች ሲመጡ መሬቱ የማንም አልነበረም የሚለውን አስተሳሰብ ጣለው፤ የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብትም ተቀበለ።

ይሄን ፍርድ አንቀጽ በመሸምደድ ብቻ አይረዱትም። መሬት “ባዶ” ነው የሚል ሐሳብ አውሮፓ ውስጥ ከየት መጣ? ንብረት ሲባል ምን ማለታቸው ነበር? የትኛውን ሕዝብ ነው “ሕግ የሌለው” ብለው ያለፉት? መልሱ ያለው ሂዩማኒቲስ ውስጥ ነው። በእኛ እይታ የዚህ ጥምር ዲግሪ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ትልቁ አደጋውም እዚሁ ነው፤ መጻሕፍቱ ለሙገሳ ብቻ ከተነበቡ የማቦ ጥያቄ አይነሳም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የምታስቡ ልጆች ከስሙ ይልቅ የኮርስ ዝርዝሩንና የመምህራኑን ሥራ እዩ።

ነገሩ ከእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ውስጥ የሮምና የቢዛንታይን ሕግ አለበት። የ1960ውን (በእኛ 1952) የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የ1957ቱን የወንጀል ሕግ ደግሞ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን። አዲስ አበባ ላይ ውል የሚያነብ የሕግ ተማሪም የምዕራቡን ሐሳብ እያነበበ ነው፤ ብቻ ማንም ከየት እንደመጣ ቁጭ አድርጎ አይነግረውም።

ስንት ነው? ማንስ ይገባል?

በ2021 የአውስትራሊያ መንግሥት የክፍያ ሥርዓቱን ቀየረ። የአብዛኞቹ የሂዩማኒቲስ ትምህርቶች የተማሪ ድርሻ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ በዓመት 14,500 ዶላር ገባ፤ ሕግም እዚያው እርከን ላይ ተቀመጠ። ማለትም ይሄ ጥምር ሁለት እግሩን ያቆመው ውድ የሚባለው ረድፍ ላይ ነው። አምስት ዓመት አባዙት። ስኮላርሺፑ ለምን እንደሚያጓጓ ያኔ ይገባችኋል።

ሜልበርንም ሆነ ፐርዝ ላላችሁ ልጆቻችን፦ ዜጋ ከሆናችሁ ክፍያውን መንግሥት ያበድራችኋል፣ ገቢያችሁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል ትመልሳላችሁ። ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ ዜግነት ያልወሰዳችሁ ግን ተጠንቀቁ። ድጎማ ያለውን ቦታ ብታገኙም ብድሩን በአብዛኛው አታገኙም፤ በየተርሙ ከኪስ መክፈል ነው። በሰብአዊ ጉዳይ ቋሚ ቪዛ የገባ ሰው ግን ብድሩ ይፈቀድለታል። ቤት ውስጥ “የቪዛችን ዓይነት ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ዋጋ አለው፤ ብዙ ልጅ ሳይጠይቅ ነው ቅጽ የሚሞላው።

ከኢትዮጵያ ሆናችሁ ለምትጠይቁን ደግሞ በግልጽ እንናገር። የራምሴይ ስኮላርሺፕ የታሰበው ለአውስትራሊያ የሀገር ውስጥ ተማሪዎች ነው። በውጭ ተማሪነት የምትገቡ ከሆነ ሙሉውን ክፍያ በራሳችሁ ትችላላችሁ፤ ለቪዛው ብቻ ከግንቦት 2024 ጀምሮ የአንድ ዓመት መኖሪያ ተብሎ 29,710 ዶላር እንዳላችሁ ማሳየት ይጠየቃል። ስለዚህ “ይሄን ስኮላርሺፕ አስጨርስላችኋለሁ፣ መጀመሪያ የፕሮሰስ ክፈሉ” የሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ተምሬ እመለሳለሁ ለሚልም አንድ ነገር አለ። የአውስትራሊያ ሕግ ከእንግሊዝ የተወረሰ፣ የዳኞች ውሳኔ ትልቅ ቦታ ያለው የኮመን ሎው ሥርዓት ነው። የእኛ በዋናነት በወጣ ሕግና በኮድ የሚሠራ ነው። ዲግሪው ይዘጋባችኋል ማለት አይደለም፤ ግን የአቻ ግምት ማሠራት፣ የሀገር ውስጡን ሕግ እንደ አዲስ ማጥናትና የጥብቅና ፈተና መቀመጥ ይጠብቃችኋል።

ማመልከት ለምትችሉት፦ የዩኒቨርሲቲው ቦታና ስኮላርሺፑ ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው፣ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ማጣት አለ። ለሕጉ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ደረጃም ከፍ ያለ ነው። ትምህርት የሚጀመረው በየካቲት አካባቢ ስለሆነ ወረቀታችሁን ካለፈው ዓመት አጋማሽ ጀምራችሁ አዘጋጁ። የስኮላርሺፑን የዘንድሮ መጠንና ቀነ ገደብ ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ገጽ ላይ እዩ፣ በቴሌግራም ከሚዞር ፖስተር አትውሰዱ።