ሥዕልን በእጅ ስለ መድገም

መጽሐፍን የሚቀዳ ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንዳይጨምር፥ አንዲትም እንዳይቀንስ ይጠነቀቃል፤ ቃሉ የእርሱ አይደለምና። ሥዕልን የሚቀዳ ሠዓሊ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ታሪኩን፥ የቅዱሳኑን አቋምና ምልክት ካየው ሥዕል ተቀብሎ ይጠብቃል፤ ዓይኑን፥ ልብሱንና ቀለሙን ግን በገዛ እጁ ልማድ ይሥላል። ስለዚህ ከአንድ ሥዕል የተቀዱ ሁለት ሥዕሎች አንድ ታሪክ በሁለት ድምፅ ይናገራሉ።

ይህ ሥራ ለኢትዮጵያ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ለማወቅ የጥንቱን የቤተ አምሐራን ምድር መመልከት ይበቃል። ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ የቆመችበት የቦረና ደጋ፥ ከእርሱም ጋራ የአምሐራ ሳይንት፥ የለጋምቦና የወግዲ አገር፥ በምዕራብ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ፥ ነገሥታቱ አብያተ ክርስቲያናትን የተከሉበት ምድር ነበረ። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም በአበው ትውፊት ከአክሱም፥ ከመርጡለ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋራ መሥዋዕተ ኦሪት ከቀረበባቸው ቦታዎች ትቈጠራለች። ዐፄ በእደ ማርያምም (1468–1478 በአውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) አትሮንሰ ማርያምን በዚሁ በቤተ አምሐራ አሠርተው የነገሥታት መቃብር አደረጓት።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኒቆላዎስ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው፥ ሥራው ሥዕል የሆነ፥ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በዚያው ኖረ። ከ1520 እስከ 1526 በአገሩ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሰው አግኝቶት፥ በኢትዮጵያ ከ40 ዓመት በላይ እንደ ኖረ ጽፏል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ይህ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ እንደ ሣላት፥ ሕዝቡም ስለዚህ ነገር እጅግ እንደ ተቈጣ ያወራል። በሕዝቡ ዘንድ ግራ እጅ እንደ ቀኝ የሚከበር ስላልሆነ ጌታን በዚያ ማስቀመጥ እንደ ድፍረት ተቈጠረ። ሥዕሉ ግን በንጉሡ ፈቃድ ጸና ይባላል።

በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ወደ ቤተ አምሐራ ገባ። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ አትሮንሰ ማርያምም በዚያው ዘመቻ ተዘርፋ ተቃጠለች። ቤቱ ሲቃጠል በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል አብሮ ይጠፋል። የብራንካሊዮን ሥራ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ስሙን የጻፈበት መጽሐፍ ከዓባይ ማዶ በጎጃም በዋፋ ኢየሱስ ተገኝቷል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን አካሄዱን አይተው በየሰሌዳው ደግመውታል፤ በእጁ ወፍ የያዘው ሕፃን፥ ሰማያዊው የእመቤታችን መጐናጸፊያ በእነርሱ እጅ ተላልፈዋል። የፈረንጁ ሠዓሊ በጥላና በብርሃን የሠራውን የልብስ እጥፋት እነርሱ በቀጥተኛ መሥመር ሣሉት፤ ዓይኑንም አስፍተው ወደሚጸልየው ሰው አቀኑት።

ስለ ግራው ክንድ የተነሣው ክርክርም አስደናቂ ፍጻሜ አገኘ። በሮም በቅድስት ማርያም የታላቋ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን ጥንታዊት የእመቤታችን ሥዕል ኢየሱሳውያን ከ1569 ጀምሮ እያስቀዱ ወደ ብዙ አገር ልከዋት ነበርና፥ ግልባጯ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። በዚህች ሥዕል ሕፃኑ በግራ ክንዷ ነው፤ እርስዋም እጆችዋን አመሳቅላ መሐረብ ይዛለች። ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ወጡ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ሠዓልያን ተቀብለው በኢትዮጵያ ልማድ ደገሟት፤ በግራና በቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙላት፤ ያሠራውንም ሰው ከእግርዋ በታች ወድቆ ሲማፀን ሣሉት። በጣና በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ እንዲሁ ተደፍተው ይታያሉ። በአትሮንሰ ማርያም ሕዝብን አስቈጥቶ የነበረው አቀማመጥ ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በየመቅደሱ የሚሳለም የምስለ ፍቁር ወልዳ መልክ ሆነ። ሕዝቡ የተቀበለው የገዛ ልጆቹ ደጋግመው በራሳቸው እጅ ከሣሉት በኋላ ነው።

በወረቀት የታተመ ሥዕልም በመጣ ጊዜ ሠዓልያኑ በዚሁ መንገድ ተቀበሉት። በ1590 እና በ1591 በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ፤ በውስጡም አንቶንዮ ቴምፔስታ ያዘጋጃቸው፥ በእንጨት ተቀርጸው በጥቁር ቀለም የታተሙ 149 ሥዕሎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ለጎንደር ሠዓልያን ምሳሌ ሆነ። ዛሬ በሎንዶን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ያለው፥ ከመቅደላ የተወሰደው ባለ ሥዕል ወንጌል ከዚያ እንደ ቀዳ ሊቁ ዡል ለርዋ በ1961 አስረድቷል። ሠዓሊው የታተመውን ቅጠል ቀድዶ በብራናው ላይ አልለጠፈም። የሰዎቹን አቋምና የታሪኩን ተራ ጠበቀ፤ በጥቃቅን ጭረት የተሠራውን ጥላ ትቶ ቀይ፥ ብጫ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ አለበሰው። ከሮም ማተሚያ የወጣው ቅጠል እንዲህ ሆኖ በኢትዮጵያዊ ቀለም ወንጌልን ሰበከ።

ከዚህ ይልቅ ለሕዝብ የቀረበው ታሪክን በክፍል በክፍል የሚያሳየው ሥዕል ነው። በተአምረ ማርያም መጻሕፍት አንድ ገጽ በሁለትና በሦስት ይከፈልና፥ በየሥዕሉ ራስ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ይኖራል፤ ማንበብ የማይችል በዓይኑ ይከተላል፥ የሚችል ደግሞ ያነብለታል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ ምእመን የለም። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፥ በመጨረሻም ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ብዙ እጅ ሥሎታል። የታሪኩ ተራ አይለወጥም፤ ነገር ግን የውሃው ዕቃ፥ የድኻው ልብስና የአገሩ መልክ ሠዓሊው ከኖረበት አገር ይወሰዳል። በ20ኛው መቶ ዓመትም የአዲስ አበባ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል እየከፈሉ ሲሥሉ፥ አንዱ የሌላውን ገጽ ተከትሎ በራሱ አሣሣል ሲደግመው፥ ይህንኑ የብራና ልማድ ቀጠሉ።

ሌላው ምስክር መቅደላ ነው። ይህ አምባ ከቦረና በስተ ሰሜን ምሥራቅ በዚያው በደቡብ ወሎ ይገኛል። ጌታችንን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳየው፥ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መሐላም በፊቱ ይፈጸም ነበር። በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 ግን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወስዶ ለራሱ አስቀረው፤ ከእጅ ወደ እጅም አልፎ ፖርቱጋል ገባ። አልተመለሰም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ምእመን የጌታችንን ያን መልክ አላጣም፤ ሠዓልያን ቀድሞውኑ በግድግዳና በመጽሐፍ ደግመውት ነበርና። ለግልባጩ መሳለም የዋናውን መወሰድ ትክክል አያደርገውም፤ የተወሰደው ይመለስ ዘንድ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ዘራፊ ሊወስድ የሚችለው አንዱን ሰሌዳ እንጂ በብዙ እጅ የተዘራውን መልክ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ቀድቶ የሚሥል ሠዓሊ የራሱ ሐሳብ የለውም ብለው ይነቅፋሉ። ሌሎች ደግሞ ከምሳሌው ፈቀቅ ካለ አበላሸው ይላሉ። ሁለቱም ነቀፋ ባንድ ጊዜ እውነት ሊሆን አይችልም። የማያስተውል ሠዓሊ ምልክትን አሳስቶ ታሪክን ሊያጠፋ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ለዚህም መድኃኒቱ መምህር ነው። ያስተዋለ ሠዓሊ ግን ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደሚለውጥ ያውቃል፤ ሥራውም የሚመዘነው በዚህ ነው።

በዛሬው ዘመን በማተሚያ የተባዛ ሥዕል በርካሽ ይገኛል፤ ከደጋው የገጠር አጥቢያ እስከ ከተማው ካቴድራል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተሰቅሎ ይታያል። ብዙው የሌላ አገር ሠዓሊ ሥራ ግልባጭ ነው። ለድኻ አጥቢያ ሥዕል ማግኘት በረከት ስለ ሆነ ይህ አይነቀፍም። ልዩነቱ ግን ሊታሰብ ይገባል። የጎንደር ሠዓሊ የሮምን የታተመ ቅጠል ለሥራው መነሻ አደረገው፤ በዚህ ዘመን የታተመው ወረቀት የሥራው መጨረሻ ሆኗል። ወረቀቱ በመጣበት መልክ ይሰቀላል፥ በመጣበት መልክም ይደበዝዛል፤ በመካከሉ የተማረ እጅ የለም።

መካነ ሰላም ስሟ የሰላም ቦታ ቢሆንም፥ በዙሪያዋ ያለው ምድር እሳትንና ዘረፋን ያየ ነው። በዚያ የነበሩት ሥዕሎች ለትውልድ የተረፉት ከመጥፋታቸው በፊት ሌላ እጅ ስለ ደገማቸው ነው። ስለዚህ ግድግዳዋ የሚፈርስባት፥ ሥዕልዋ የሚረግፍባት ቤተ ክርስቲያን ኖራ ከመቀባትዋና ወረቀት ከመስቀልዋ አስቀድማ ሠዓሊ ትጥራ፤ ከሠዓሊውም ጋራ አንድ ተማሪ ቀለም እየበጠበጠ ይቀመጥ።