በአንድ ቀን ታሪክን የቀደመው ኧርል ሎይድ

ኦክቶበር 31 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተካሄደ። እንግዳው ቡድን ዋሽንግተን ካፒቶልስ ተሸነፈ። ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ የ22 ዓመቱ ኧርል ሎይድ፣ 6 ነጥብ አስቆጠረ። ብዙ ሁካታ አልተሰማም። ነገር ግን በዚያ ምሽት በኤንቢኤ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥቁር ሰው ሜዳ ገብቶ ተጫውቷል።

ቀዳሚነቱን የሰጠው የጨዋታ መርሐ ግብር ነው። በዚያው ዓመት ቦስተን ቸክ ኩፐርን፣ ኒውዮርክም ናት ክሊፍተንን ይዘው ነበር። በምልመላ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራጭ እንዲያውም ኩፐር ነው፤ የእሱ ጨዋታ ግን በማግስቱ ነበር። ሎይድ ታሪክን የቀደመው በአንድ ቀን ብቻ ነው።

የተወለደው በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ይህች ከተማ በሎይድ ልጅነት ጥቁሩንና ነጩን በሕግ ለይታ ታስተምር ነበር። እሱም ለጥቁሮች በተከለለው ፓርከር ግሬይ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም የጥቁሮች ኮሌጅ ወደነበረው ዌስት ቨርጂኒያ ስቴት ገባ።

ኤንቢኤ ሲገባ የሜዳው በር ተከፈተ እንጂ የከተሞቹ በር ሁሉ አልተከፈተም። ፎርት ዌይን ላይ ያረፈበት ሆቴል አልጋ ሰጠው፤ በምግብ ቤቱ እንዳይመገብ ግን ከለከለው። ነጩ አሰልጣኙ ቦንስ ማኪኒ ክፍሉ ድረስ ሄዶ አብሮት በላ። አብሮ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሎይድ ያችን ራት እስከ እርጅናው ድረስ ሲያወሳት ኖሯል።

ለካፒቶልስ የተጫወተው 7 ጨዋታ ብቻ ነው። ለውትድርና ተጠራ፤ ክለቡም በጃንዋሪ 1951 ፈረሰ። ከጦሩ ሲመለስ ሲራኪዩስ ናሽናልስ ተቀበለው። እዚያ ሥራው ኮከብ መሆን አልነበረም። የተጋጣሚን ኃይለኛ አጥቂ መያዝ፣ ሪባውንድ መሰብሰብ፣ እንደ ዶልፍ ሼይስ ላሉ ጎል አዳኞች መንገድ መጥረግ ነበር። በ1955 ቡድኑ ፎርት ዌይንን በሰባተኛው ጨዋታ 92 ለ 91 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ሎይድና የቡድን ጓደኛው ጂም ታከር የኤንቢኤን ዋንጫ ያነሱ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ሆኑ። ዋንጫው የተገኘው ምግብ ከከለከለችው ከተማ ቡድን ላይ ነው።

በ1960 በዲትሮይት ፒስተንስ ጫማውን ሰቀለ። ከዚያም ለዚሁ ክለብ ተጫዋች መልማይና ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሠራ። በ1971 ዋና አሰልጣኝነቱን ሲሰጡት የውድድር ዓመቱ ተጀምሮ ነበር። ከእሱ በፊት ቢል ራስል፣ ሌኒ ዊልከንስና አል አትልስ ቡድን ተረክበዋል፤ ሦስቱም ግን ሲጀምሩ ተጫዋች አሰልጣኞች ነበሩ። ሎይድ ጫማውን ከሰቀለ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ያለው አእምሮው ብቻ ነው።

የተረከበው ቡድን የቀናው አልነበረም። ኮከቡ ዴቭ ቢንግ ከውድድሩ መጀመሪያ በፊት ዓይኑ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ርቋል። ውጤቱ 20 ድልና 50 ሽንፈት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ከ7 ጨዋታ በኋላ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። «የመጀመሪያው» የሚለውን ማዕረግ ስንሰጥ ሰውየው የግድ ድል አድራጊም እንዲሆን እንጠብቃለን። ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ ሽንፈቱን በወገኑ ሁሉ ላይ እንጽፋለን። እኩልነት ግን ተራ ሰው ተራ ውጤት አምጥቶ፣ በእሱ ሰበብ ከኋላው ባለው ሰው ላይ በር አለመዘጋቱ ነው። በዲትሮይት የሆነው ይኸው ነው። ሎይድን የተካው የራሱ ረዳት የነበረው ሬይ ስኮት ነው። ስኮትም ጥቁር ነው። በ1974 የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

ሎይድ ከቤዝቦሉ ጃኪ ሮቢንሰን ጋር ሲያነጻጽሩት አይወድም ነበር፤ የእሱ መከራ ከዚያ ጋር እንደማይተካከል ይናገር ነበር። የዝና አዳራሹ የከፈተለት በ2003፣ በ75 ዓመቱ ነው። በፌብሩዋሪ 2015 አረፈ። በአሰልጣኝነት መዝገቡ ላይ 22 ድልና 55 ሽንፈት ተጽፏል። ሬይ ስኮትን ወደ አሰልጣኝነት ወንበር ማስጠጋቱ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም።