የዲፈረንሻል ምጥጥንና የአውራ ጎዳና ነዳጅ ቁጠባ

የዲፈረንሻል ምጥጥን፦ ጎማ አንድ ዙር እስኪዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር የሚገልጽ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ረጋ ብሎ ይሠራል።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 የተመረተው ሸቭሮሌ ኢምፓላ ኤስኤስ ነው። ከ1.8 ቶን በላይ የሚመዝነው ይህ መኪና ባለ 5.7 ሊትር፣ 260 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረው። የአራተኛ ማርሹ ምጥጥን 0.70፣ የዲፈረንሻሉ 3.08 ነው፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሞተሩ በደቂቃ 1,670 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ በ2.56 ቢተካ ዙሩ ወደ 1,390 ገደማ ይወርዳል።

ቁጠባው የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ይቀንሳል። ሁለተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ትልቅ የቤንዚን ሞተር በቀላል ጭነት ሲሠራ የአየር መግቢያው ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፤ ፒስተኖቹ በጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ጉልበት ያባክናሉ። ዙሩ ሲወርድ ነዳጅ መስጫው ጠለቅ ብሎ ስለሚረገጥ መግቢያው ይከፈታል፣ ብክነቱም ይቀንሳል።

ይሁንና ዙሩ 17 በመቶ ቢቀንስም ፍጆታው በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የአየር መቋቋሙና የመኪናው ክብደት እንዳሉ ናቸውና። መኪናው ሲነሳ ይከብደዋል፣ ዳገት ላይም ማርሽ ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያውም እንደገና መስተካከል አለበት። በአንጻሩ፣ የአየር መቋቋም በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከ120 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማለት ይህን ኃይል 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ወጪም የለውም።