የጋዜጣው ባለቤት ማን ነበር?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የታተመ የአሜሪካ ጋዜጣ እጁ የገባ ሰው ከዜናው በፊት የላይኛውን ኅዳግ ቢያይ ይበጀዋል። ብዙ ጊዜ እዚያ በቀለም የተጻፈ የሰው ስም ያገኛል። ጋዜጣው ለየትኛው ደንበኛ እንደሚሄድ እንዳይምታታ ስሙ በብዕር ይጻፍበት ነበርና። ቀለሙ ወደ ቡናማ ቢለወጥም ይነበባል። ወረቀቱም ከአሮጌ የበፍታና የጥጥ ጨርቅ የተሠራ ስለሆነ ዛሬም ሲያጥፉት አይሰበርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከእንጨት መሠራት የጀመረው ርካሽ ወረቀት ግን ዕድሜ ሲጫነው እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል።

ሰብሳቢዎች ያንን ስም ይዘው ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይሄዳሉ። የቦስተን የመጀመሪያው የነዋሪዎች አድራሻ መጽሐፍ የወጣው በ1789 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የሰውየውን ሥራና የሚኖርበትን መንገድ ይናገራል። የ1790ው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በስም የሚጠራው የቤቱን አባወራ ብቻ ነው። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ በቤቱ ያሉ ባሮች በቁጥር ብቻ ይታለፋሉ። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ኅዳጉ ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው ይሁን እንጂ፣ ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ሲነበብ የሰማው፣ ተውሶ የወሰደው፣ ሰርቆ ያየው ብዙ ነበር።

አንዳንዱ ባለቤት ግን ከስሙ አልፎ ሐሳቡንም ትቶልናል። ሃርቦትል ዶር በቦስተን የብረታ ብረት ባለሱቅ ነበር፤ “የነጻነት ልጆች” ከተባለው የእንግሊዝን አገዛዝ ተቃዋሚ ማኅበር ጋርም ያብር ነበር። በጥር 1765 ሳምንታዊ ጋዜጦችን እየገዛ ማስቀመጥ ጀመረ። የእንግሊዝ ፓርላማ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ጋዜጣን ጨምሮ በብዙ ዓይነት ወረቀት ላይ የቴምብር ቀረጥ የጣለው በዚያው ዓመት ነው። ዶር እስከ 1776 አላቋረጠም። የሰበሰበው በአራት ትልልቅ ቅጾች ተጠርዞ ከ3 ሺህ ገጽ በላይ ሆነ።

ማስቀመጥ ብቻ አልበቃውም። ለገጾቹ ቁጥር ሰጠ፤ በብዕር ስም የጻፉትን ማንነታቸውን እያጣራ ኅዳጉ ላይ አሰፈረ፤ የማይወዳቸውን ሹማምንት እዚያው ዘለፋቸው። አንድ ዜና ሌላውን ሲያስታውሰው የሚታየውን ገጽ ጠቆመ። ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ርዕሶች ያሉት ማውጫም በእጁ አዘጋጀ። ቀን ሚስማር የሚሸጥ ሰው ነው ይህን ሁሉ የሠራው። ታሪክ ጸሐፊው በርናርድ ቤይሊን በ1970ዎቹ ስለ እነዚህ ማስታወሻዎች የጻፈውም የአሜሪካን አብዮት አንድ ተራ የከተማ ሰው እንዴት እንደተከተለው ስለሚያሳዩ ነው።

ዶር ካስቀመጣቸው ጋዜጦች አንዱን፣ የማርች 12 ቀን 1770ን “ቦስተን ጋዜት” እንይ። ዐምዶቹ በወፍራም ጥቁር መስመር ተከበዋል። ከሳምንት በፊት የእንግሊዝ ወታደሮች ተኩሰው የገደሏቸው ሰዎች አራት የሬሳ ሣጥኖች ተሥለዋል፤ በየሣጥኑ ላይ የሟቹ ስም መነሻ ፊደላት አሉ። አንደኛው ከአፍሪካዊና ከአገሬው ሕንዳዊ ዘር የተወለደው ክሪስፐስ አተክስ ነው። የሟቾቹ ቁጥር በኋላ አምስት ቢሆንም አምስተኛው በዚያ ቀን ገና በሕይወት ነበር። ገጹ የወጣው ሐዘኑ ሳይበርድ፣ ነገሩም ሳይለይለት ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ዕትም ዋጋው ከባድ ስለሆነ ነጋዴዎች ጥራዙን ፈተው ታዋቂ ቀኖችን ነጥለው ይሸጣሉ። ይህ በእኔ ዓይን ጥፋት ነው። የባለቤቱ ስም ያለበት ሽፋን ይጣላል፤ ሰውየው ያለፉትን ዓመታት ምን ሲያነብ እንደቆየ የሚያውቅ አይኖርም። በእኛም አገር አሮጌ “አዲስ ዘመን” የቆሎ መጠቅለያ፣ የግድግዳ ልጥፍ ሆኖ አልቋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ማን ገዝቶ እንዳመጣው የሚያስታውሱ አረጋውያን ያሉበት ቤት ግን ዛሬም አይጠፋም፤ ሳይረፍድ ሊጠየቁ ይገባል።

የዶር አራተኛ ቅጽ ከሦስቱ ተለይቶ ረጅም ዘመን ኖረ። በ2011 ሜይን ግዛት ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ሦስቱን የያዘው የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ገዛው። አሁን አራቱም በአንድ ቤት ናቸው፤ ገጾቻቸውም ከነማስታወሻቸው ፎቶ ተነሥተው ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። ዶር ከአንዱ ቅጽ ወደ ሌላው የጠቆመው ገጽ ሲፈለግ ይገኛል።