ማሽንና ቅኝት

ሙዚቃ፣ እንደ ማናቸውም የኪነ ጥበብ ዘርፍ፣ ከመሣሪያዎች ዕድገት ተነጥሎ የሚኖር አይደለም። እረኛው ከሸምበቆ ዋሽንትን፣ አዝማሪው ከፈረስ ጭራ ማሲንቆን እንዳበጀ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ዘመንም የራሱን የሙዚቃ መሣሪያ አበጅቷል። ጥያቄው መሣሪያው ከየት መጣ የሚል ብቻ ሳይሆን በማን ቅኝት ያዜማል የሚል ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የጀርመኖቹ ቡድን ክራፍትቨርክ ነው። ትርጉሙ «የኃይል ማመንጫ ጣቢያ» ማለት ነው። ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 በዱስልዶርፍ ከተማ መሠረቱት። ሽናይደር አስቀድሞ የዋሽንት ዘመድ የሆነው ፍሉት ተጫዋች ነበር። በዚያ ዘመን ብዙው የምዕራብ ጀርመን ወጣት የእንግሊዝንና የአሜሪካን ዘፈን ሲያስተጋባ፣ እነርሱ ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ኑሮና ቋንቋ መለሱ። በ1974 የወጣው «አውቶባን» ከ22 ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ የአውራ ጎዳና ጉዞ ነው። በ1977 ባቡሩን፣ በ1981 ኮምፒዩተሩን አዜሙ። በ1982 አፍሪካ ባምባታ በኒው ዮርክ የባቡሩን ዜማ ወስዶ «ፕላኔት ሮክ» በተባለው ሥራው ለብሮንክስ ወጣቶች ጭፈራ አዋለው። ባምባታ ዜማውን ሲወስድ ጀርመን አልሆነም፤ ማሽኑን የሰፈሩን እስክስታ አስተማረው እንጂ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ከራይን ወንዝ ዳር ጀመረ ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። በ1944 ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀረጸ። ቅጂውንም በስቱዲዮ አስተጋብቶና አቅጥኖ አዲስ የሙዚቃ ድርሰት አደረገው። ይህም ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፈር በ1948 ከሠራው ዝነኛ ሥራ አራት ዓመት ይቀድማል። ዛር ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። ሰውዬውም እንግዳ አልሆነም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። የማሽን ሙዚቃ ፋና ወጊ አገራችን ሲደርስ ያሰባሰበው የቆዳና የጅማት መሣሪያዎችን ነበር። ይህ ብዙ ያስተምራል።

ማሽኑን በኢትዮጵያ ቅኝት ካዜሙት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ኖሮ፣ ባንዱ በ1981 አሜሪካን ሲጎበኝ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት አወጣ። በኋላ ኑሮውን በታክሲ ነጂነት መራ። ካሴቱ ግን ባሕር ዳር ላይ በአንድ የውጭ አገር ሙዚቃ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመና ባለቤቱን ወደ ዓለም መድረክ መለሰው። ኃይሉን ከጀርመኖቹ ጋር የሚያዛምደው የመምህርና የደቀ መዝሙር ግንኙነት ሳይሆን የዘመንና የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ዜማው የአገሩ ነው።

ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን መድረክ አጠበበ፤ ካሴትም ሸክላን ተካ። ኪቦርድ ሲስፋፋ አንድ ሰው የባንድን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ፤ ትራምፔትና ሳክስፎን ነፊዎች ከመድረክ ወረዱ። በፋብሪካ የተሞላው ባለ አራት ምት ከበሮ ችክችካን አያውቅም። ሙዚቀኛው ካላስተማረው፣ እርሱ ሙዚቀኛውን የራሱን ምት ያስተምረዋል። ጌታና ሎሌ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ የክራፍትቨርክ እውነተኛ ተጽዕኖ በድምፁ ቅላጼ ሊፈለግ አይገባም። ድምፁን መቅዳት ቀላል ነው። ከባዱ የራስን ጎዳና፣ የራስን ባቡር፣ የራስን ሐይቅ ማዜም ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በቡሹሎ የሚያስተምር መምህር የፊቼ ጨምበላላ ዕለት የሽማግሌዎችን ቄጣላ በእጅ ስልኩ ቢቀርጽ፣ ኤል ዳብ በካይሮ ከያዘው ሽቦ የላቀ መሣሪያ በእጁ አለ። ተማሪዎቹ ቅጂውን ቆራርጠው አዲስ ሥራ ከማበጀታቸው በፊት ግን ቄጣላውን ከባለቤቶቹ አፍ ይማሩት። ማሽን የሚያስተጋባው የሰጡትን ነው፤ ምንም ካልሰጡት የሌላውን ያስተጋባል።