አውሮፕላን የገዙት ነርስ

የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲቃረብ በማኅበራችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከወር መዋጮው፣ ከብድር ወለዱና ከደጋፊዎቻችን እርዳታ ላይ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የቀረውን ገንዘብ ምን ላይ እናውለው? ገሚሶቻችን «ለዓመታት የደከሙ እናቶቻችን አንድ ቀን ጋቢ ተደርቦላቸው፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ይመስገኑ» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ትምህርት ለማቋረጥ ለተቃረቡ ሴት ልጆች ዩኒፎርም፣ ደብተርና የመመዝገቢያ ክፍያ ይሁን» እንላለን። አንዳንዴም ከኋላ ወንበር «የራሳችንን ልጆች በቅጡ ሳናስተምር የሰው ልጅ እንዴት?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን የምንለው ክፉ ስለሆንን አይደለም። አሞራ ገደል ዓሣ ስንሸጥ ውለን፣ ገበያ ላይ ቆጮና በርበሬ ስንቸረችር ውለን የምናዋጣው ብር ስለሆነ ነው።

ለዚህ ክርክር የሚረዳ አንድ ታሪክ እናካፍላችሁ። ታሪኩ የአውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበር ታሪክ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ይሁን እንጂ ከአገራችን ጋር በሁለት በኩል ተሳስሯል፤ አንዱ የማኅበሩ መሪ አዲስ አበባ ላይ አርፈዋል፣ አንዷ አባል ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እናት ሆነዋል። ዓመተ ምሕረቱ እንዳይምታታ የአሜሪካውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን እንደ ራሳችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) እንጽፋለን።

በር የተዘጋባቸው ሰዎች

ነገሩ የሚጀምረው ከወይዘሪት ቤሲ ኮልማን ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ቺካጎ መጥተውም ፀጉር ቤት ውስጥ የጥፍር ሥራ ይሠሩ ነበር። አውሮፕላን ማብረር ሲመኙ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴት የሚቀበል የበረራ ትምህርት ቤት አጡ። ፈረንሳይኛ ተማሩ፣ ገንዘብ አጠራቀሙ፣ የ«ቺካጎ ዲፌንደር» ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦትም ረዷቸው። ፈረንሳይ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1921 የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በአየር ላይ ትርኢት እንጀራቸውን እያበሰሉ፣ አንድ ቀን ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት ለመክፈት ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ከአውሮፕላን ወድቀው በ34 ዓመታቸው ሞቱ። ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ቀረ።

ሆኖም ሐሳባቸው አብሯቸው አልተቀበረም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዊልያም ፓወል የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 በእሳቸው ስም የበረራ ክበብ አቋቋሙ። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ሁለት የመኪና መካኒኮች ተነሡ፤ ጆን ሮቢንሰንና ኮርኔሊየስ ኮፊ። ሁለቱ ለአንድ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አመልክተው በደብዳቤ ተቀባይነት አገኙ። በአካል ሲቀርቡና ጥቁር መሆናቸው ሲታይ ግን ተከለከሉ። አሠሪያቸው ትምህርት ቤቱን እከስሳለሁ ብለው ሲያስፈራሩ ነው የገቡት። ሲመረቁ ያው ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች መምህር እንዲሆኑ ጠየቃቸው።

እነዚህ ሰዎችና ጓደኞቻቸው «ቻሌንጀር» የሚል ስም ያለው የአብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ሮቢንሰን መሪ ሆኑ። የነጮቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ስላልተቀበሏቸው ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ መሬቱን በእጃቸው ደልድለው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ ማዕበል መጥቶ መጠለያውን አፈረሰው። እነሱም ዕቃቸውን ይዘው ሃርለም ወደሚባል ሌላ ማረፊያ ተዛወሩ። ሱቋ ተቃጥሎ በማግስቱ ጉሊት የዘረጋች አባል ያላቸው ማኅበራት ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ስድስት መቶ ዶላር

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ማኅበሩ ዕውቀት ነበረው፣ መምህር ነበረው፣ ያልነበረው አውሮፕላን ነው። በንድፈ ሐሳቡ ክፍል ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ወይዘሮ ጃኔት ሃርሞን የተባሉ ነርስ ነበሩ፤ በኋላ በባለቤታቸው ስም ጃኔት ብራግ ተብለው የታወቁት ናቸው። ጆርጂያ ውስጥ ተወልደው በነርስነት ሠልጥነዋል፤ ቺካጎም ደመወዝ የሚያስገኝ ቋሚ ሥራ ነበራቸው። ያ ዘመን በአሜሪካ ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰበት፣ ወንዶች ሥራ አጥተው ጎዳና ላይ የቆሙበት ነበር። ወይዘሮ ጃኔት ከደመወዛቸው ስድስት መቶ ዶላር አውጥተው አውሮፕላን ገዙ። ይህ የማኅበሩ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሆነ። ሌሎቹም አባላት በእሱ ተለማመዱ።

በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ስናነብ አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ይገባል። የማኅበሩን ዋና ንብረት ያስገኘው የሊቀመንበሩ ንግግር አይደለም፤ የአንዲት ሴት ቋሚ ገቢ ነው። ንብረቱ ደግሞ በአንድ ሰው ደጅ ቆሞ አልዛገም፤ በተራ ሠራ። እቁብ የምታውቅ ሴት ሁሉ ምስጢሩ ይገባታል። ገንዘቡ ዋጋ የሚኖረው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው።

ወይዘሮ ጃኔት ራሳቸው ፈቃድ አግኝተው አበረሩ፤ በጋዜጣም ላይ ስለ ጥቁር አብራሪዎች ይጽፉ ነበር። ጦርነት መጥቶ የአሜሪካ ጦር ሴት አብራሪዎችን ሲመለምል አመለከቱ፤ በቀለማቸው ምክንያት አልተቀበሏቸውም። አላባማ ሄደው ለንግድ በረራ ፈቃድ ተፈተኑ፤ ፈተናውን አልፈው ሳለ ፈታኙ ለጥቁር ሴት ፈቃድ አልሰጥም አለ። ወደ ኢሊኖይ ተመልሰው እንደገና ተፈተኑና እ.ኤ.አ. በ1943 ፈቃዱን በእጃቸው አስገቡ።

ሊቀመንበሩ አገር ለቅቀው ሲሄዱ

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ጆን ሮቢንሰን የቺካጎ ሥራቸውን ትተው አዲስ አበባ ገቡ። በኮሎኔልነት ማዕረግ የአገራችንን ትንሽ አየር ኃይል እንዲመሩ ተሾሙ። የነበሩን አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ ያልታጠቁና ያረጁ ነበሩ። ሮቢንሰን በእነሱ በአዲስ አበባና በሰሜኑ ጦር ግንባር መካከል መልእክትና መድኃኒት አመላለሱ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከመያዟ ጥቂት ቀደም ብለው አገር ለቀቁ። ቺካጎ ሲደርሱ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው።

የማኅበር መሪዎች ለሆንን ሰዎች ጥያቄው ሌላ ነው። መሪው አንድ ዓመት ያህል ሲጠፉ ማኅበሩ ምን ሆነ? አልፈረሰም። ኮፊ ማስተማሩን ቀጠሉ፤ በዚያው ጊዜ ወይዘሮ ዊላ ብራውን የተባሉ መምህርት ወደ ሥራው ገቡ። ወይዘሮ ዊላ በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው፣ የአብራሪነት ፈቃድም ያገኙ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 የበረራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ጋዜጣ ቢሮ ገብተው «ትርኢታችንን ዘግቡልን» ብለው አስደነቁ። ብሔራዊ የአየር ሰዎች ማኅበር ሲቋቋም ኮፊ ሊቀመንበር፣ ወይዘሮ ዊላ ጸሐፊ ሆኑ። ደብዳቤው፣ መዝገቡ፣ ከመንግሥት ጋር ያለው ክርክር በእሳቸው እጅ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለት የማኅበሩ አባላት ባረጀ አውሮፕላን ከቺካጎ ወደ ዋሽንግተን በረሩ። መንገድ ላይ ሞተሩ ተሰብሮ ለማረፍ ተገደዱ፤ አሠርተው ቀጠሉ። ዋሽንግተን ላይ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑትን ሃሪ ትሩማንን አግኝተው ጥቁር ወጣቶች በመንግሥት የበረራ ሥልጠና ውስጥ እንዲገቡ ጠየቁ። በዚያው ዓመት በሩ ተከፈተ። ኮፊና ወይዘሮ ዊላ የሚመሩት ትምህርት ቤትም ሥልጠናውን ከሚሰጡት አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ የወጡ ተማሪዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታስኪጊ በተባለው ስመ ጥር የጥቁሮች የአየር ክፍል ተሰልፈዋል።

ተማሪዎቹ

ኮሎኔል ሮቢንሰን ጣሊያን ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 ባለሙያዎች ይዘው እንደገና አዲስ አበባ መጡ። በዚህ ጊዜ ሥራቸው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማሠልጠን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ነው። ሮቢንሰን አዲስ አበባ ላይ በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሞተው እዚሁ ተቀበሩ።

ወይዘሮ ጃኔት በበኩላቸው ቺካጎ ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እያስተዳደሩ፣ ለትምህርት ለመጡ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን ከፈቱ። አገር ለናፈቀው፣ ብርዱ ለከበደው፣ ገንዘብ ላጠረው ደረሱለት። ይህን የሰሙት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋበዟቸው፤ ወይዘሮ ጃኔትም አገራችንን መጥተው አዩ። «የሰው ልጅ እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። እነዚያ ተማሪዎች የሰው ልጅ ብቻ አልነበሩም፤ የሰው አገር ልጆች፣ ቋንቋቸው ሌላ የሆነ የእኛ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ። ዛሬ ከርቀት ሆነው ለሐዋሳ ልጆች መጽሐፍ የሚገዙ ደጋፊዎቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሽልማቱ መቼ መጣ?

የሽልማቱን መዝገብ ከተማሪዎቹ መዝገብ ጎን ስናስቀምጠው ልዩነቱ ይታያል። ወይዘሮ ጃኔት በአቪዬሽን ዘርፍ ታዋቂ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ዕድሜያቸው 78 ነበር። አውሮፕላኑን ከገዙ ሃምሳ ዓመት አልፏል። ወይዘሮ ዊላ በመንግሥቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሴቶች አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ የተካተቱት በ1970ዎቹ ነው። የቤሲ ኮልማን ምስል በፖስታ ቴምብር ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995፣ በአሜሪካ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይ የታተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከሞቱ ወደ መቶ ዓመት ይጠጋ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ሽልማቱን አልጠበቁም፤ እያንዳንዱ ዓመት የራሱን አብራሪ አወጣ።

ይህን ስንል ምስጋና አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የቺካጎ አብራሪዎች በየዓመቱ በቤሲ ኮልማን መቃብር ላይ እየበረሩ ከሰማይ አበባ ይጥሉ ነበር። ወጪው ትንሽ ነው። አበባውን የሚጥለው ግን ቤሲ ያላገኙትን የአገር ቤት ትምህርት ያገኘ አብራሪ ነው። ምስጋናውና ተማሪው አንድ ላይ በረሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ የተማሩት ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብለው ይጠራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋን ሴት ካፒቴን፣ አምሳለ ጓሉን፣ ያየው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሰባ ዓመት ያልፋል። አንዲት ጀማሪ ብቻዋን ስትቀር ከኋላዋ ያለው መንገድ እንዲህ ይረዝማል። ተከታዮች ሲበዙ ደግሞ ያጥራል፤ ካፒቴን አምሳለ ከተሾሙ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የሆኑበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደረሰ።

ለጉባኤያችን

ስለዚህ ለዘንድሮው ጉባኤ ከሒሳብ ክፍሉ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሽልማቱና የተማሪ ድጋፉ ሁለት የተለያዩ ወጪዎች መሆናቸው ይቅርና በአንድ መደብ ይያዙ። በየዓመቱ አባላት የሚመርጧት አንዲት እናት ትኑር፤ በስሟም አንዲት ሴት ልጅ ትማር። በመዝገባችን ላይ የእናቲቱ ስም በግራ፣ ልጅቱ የተከፈለላት ወጪ በቀኝ፣ ደረሰኙ ከኋላ ይያያዝ። የምስክር ወረቀቱን እናቲቱ ከልጅቱ እጅ ትቀበል። ጋቢውም አይቅር፤ ከሽማኔ በቀጥታ ብንገዛው ዋጋው የሚቻል ነው።

ሁለተኛው ሐሳባችን ስለ አመራር ነው። ሊቀመንበራችን፣ ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን እያንዳንዳቸው አንዲት ምክትል አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተምሩ። ቼክ መፈረም፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ከባንክ ጋር ሒሳብ ማመሳከር የአንድ ሰው ምስጢር መሆን የለበትም። ሮቢንሰን ኢትዮጵያ ሲመጡ ማኅበራቸው የቆመው ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው።

ሁለቱም ሐሳቦች ከነዝርዝር ወጪያቸው በጉባኤው ዕለት ይቀርባሉ። የሚቃወም ይቃወም፣ የሚያሻሽል ያሻሽል። በድምፅ ከጸደቁ ግን የመጀመሪያዋ ልጅ ስም ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ከመዝጋታቸው በፊት መዝገባችን ላይ ሊሰፍር ይገባል። እስከዚያው የየቀበሌያችሁ አስተባባሪዎች ትምህርት ለማቋረጥ የተቃረቡ ልጆችን ስም እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።