የነገሥታት ቀለም

በሜድትራንያን ባሕር ሙሬክስ የሚባል ቀንድ አውጣ ይኖራል። አዳኝ ነው፤ የሌሎች ቀንድ አውጣዎችን ዛጎል ቦርቡሮ ሥጋቸውን ይበላል። ከዕጢው የሚወጣው ፈሳሽ ግን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ሐምራዊ ይሆናል።

የጢሮስና የሲዶና ሰዎች በዚህ ቀለም ልብስ እየነከሩ ከበሩ። በሲዶና የተጣለው ዛጎል እንደ ኮረብታ ተከምሯል። በ1909 እ.ኤ.አ. ፖል ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ሐምራዊ የባለጠጎችና የነገሥታት ልብስ የሆነው ስለዚህ ነው።

በሉቃስ 16፥19 ባለጠጋው የለበሰው፣ በማርቆስ 15፥17 ደግሞ ወታደሮቹ በጌታ ሊዘብቱበት ያለበሱት ልብስ በቀድሞው ትርጉማችን ቀይ ተብሏል፤ የግሪኩ ቃል ግን ሐምራዊ ማለት ነው። ጌታን ከዘበቱበት በኋላ ልብሱን ገፈፉት፤ ሊሰቅሉትም ወሰዱት።

የምድር ነገሥታት በሺህ በሚቆጠሩ ፍጥረታት ሞት አጌጡ። የእኛ ንጉሥ ግን እኛን ጽድቅ ሊያለብሰን እርሱ ራሱ ሞተ። ወገኔ ሆይ፣ አንተ ዛሬ በየትኛው ልብስ ትመካለህ?